ከወንዝ እስከ ቤተ ክርስቲያን የዘረጋነው ቀበቶ

ባሌ እንጀራ እየቆረሰ ስለ ኩሽኔታ ያወራል። የሰው ባል ስለ ኳስ ያወራል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ጎረቤት ያማል፤ የኔው ግን ጉርሻውን አየር ላይ አንጠልጥሎ «አየሽ፣ ጭነቱ ከዚህ ወገን ሲመጣ ዘንጉ ወደዚያ ይገፋል» ይላል፣ ሽሮውም ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ሰሞን የገባኝ መስዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ኋላ ላይ «ብላ እንጂ ሰውዬ፣ ኩሽኔታው የትም አይሄድ» ማለት ጀመርኩ። ዘንድሮ ግን ቢያወራም ዝም ብዬ እሰማለሁ። ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ስናገረውም እያፈርኩ ነው።

ባሌ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው። ቴክኒክ ተምሯል፣ ይበይዳል፣ ይቀጠቅጣል፣ ይቆርጣል። እኔ ግን ለሰው ስናገር «ኢንጂነር ነው» ነበር የምለው። አራዳ ያለችው የባህል ልብስ ሱቄ ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ፣ ጠየቀኝም አልጠየቀኝም፣ ኢንጂነር ነው። ምን ላድርግ? ያደግኩት ከጠዳ ወጣ ብላ ተራራው ወገብ ላይ ከተቀመጠች መንደር፣ ከቄስና ከደብተራ ዘር ነው። እኛ ዘንድ ብረት የሚነካ ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነበር የሚነሣው። ቀጥቃጭ ይሉታል፣ ሌላም ይሉታል፤ ሌላውን አልደግመውም። ዛሬ በአደባባይ እንዲህ የሚል የለም። ቢሆንም ሠርጌ ቀን መሪጌታ የሆነው አጎቴ የሙሽራውን እጅ ይዞ መዳፉን ገለበጠና «የተማረ እጅ እንዲህ ይሻክራል እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ፤ እኔን ቬሎዬ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። ያችን ሳቅ የምመልስበትን ቀን ስጠብቅ ኖርኩ።

ሰውዬው ደግሞ የዋዛ አይደለም፣ ይህን ማንም አይክደኝም። አዘዞ የሰሊጥ መጋዘን ሞልቷል። ድሮ ጫኝና አውራጆች ኩንታሉን በትከሻቸው ተሸክመው በሳንቃ ላይ እየወጡ ነበር መኪና የሚሞሉት። ከዚያ ኮንቬየር መጣ፤ ሁለት ጫፉ ላይ ከበሮ የመሰለ ብረት ይሽከረከራል፣ በላዩ ሰፊ የጎማ ቀበቶ ተዘርግቷል፣ ኩንታሉን ከመሬት አንሥቶ መኪናው ላይ ያደርሳል። ታዲያ ከውጭ የመጣ ማሽን የጎንደርን መብራት የት ያውቀዋል? መብራት እልም ሲል ሞተሩ ይቆማል፣ የተጫነው ቀበቶ በክብደቱ ወደ ኋላ ይንደረደራል። አንድ ቀን እንዲህ ተንደርድሮ የወረደ ኩንታል የአንዱን ጫኝ እግር ሰበረ። ባሌ እዚያው መጋዘን በር ሲበይድ ነበርና አየ። ያን ሰሞን ሲያወራ የከረመው ስለዚያ እግር ነው።

ከዚያ አንዲት ነገር ሠራ። ጥርስ ያለው ክብ ብረት፣ በላዩ የምታርፍ ጣት የምታህል ምላስ። ቀበቶው ወደ ላይ ሲሄድ ምላሲቱ ጥርሱን እየዘለለች ታልፋለች፤ ወደ ታች ልመለስ ሲል ጥርሱ መሀል ትገባና ቀጥ ታደርገዋለች። «ቀንጠፋ» አላት። ቀንጠፋ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ስትገባ ዝም ይልሃል፣ ልውጣ ስትል ነው ልብስህን ይዞ የሚያስቀርህ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ ተንከባላይ ሠርቶ የማሽኑን ዋጋ አረከሰው። ከመኪና ጎማ ሸካራውን እየቆረጠ ቀበቶው ላይ ለጠፈ፣ ኩንታሉ እንዳይንሸራተት። ታጥፎ አይሱዙ ኋላ የሚጎተተውንም እሱ ነው ያመጣው። አሁን ከአዘዞ መጋዘን እስከ ጠዳ ጠጠር መፍጫ ድረስ ወደ ላይ የሚጭን ቀበቶ ስታዩ ቀንጠፋ አለበት፤ ሌሎቹ በያጆች አይተው ቀድተውታል። ባሌ ተሰረቅሁ አላለም። እንደውም በየመንገዱ እየቆመ «ያቺን አየሻት? የኔ ናት» ይለኛል፣ ጋቢናው ውስጥ ለሌላው ተሳፋሪም ይነግራል። ጉራው ለጉድ ነው።

በዚያው ዓመት የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ ስለነበር በአዲስ ሊሠራ ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ በላይ ካለው አፋፍ ላይ ነው፤ አቀበቱ አጭር ነው፣ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ጠራቢዎች ድንጋዩን ወንዙ ዳር ይጠርባሉ፣ ሕዝቡ በጀርባው ያወጣዋል። አንድ እሑድ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ አየኋቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር፣ አንድ አንድ ድንጋይ በቆዳ ጠፍር አዝለው አቀበቱን ይወጣሉ። እየተንጠራወዙ፣ ግማሽ መንገድ ላይ እየተቀመጡ። አሳዘኑኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከሐዘኔ ጋር አብሮ ሌላ ነገርም ልቤ ውስጥ ብልጭ አለ። አጎቴ ታየኝ። የባሌ ቀበቶ ድንጋዩን እየተሸከመ ሲወጣ፣ አጎቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያይ ታየኝ።

ቤት ገብቼ ነዘነዝኩት። ለሰሊጥ ነጋዴ ስትሠራ የኖርክ ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ምነው እጅህ አጠረ አልኩት። ባሌ ብዙ ጊዜ ሐሳብ ሳቀርብለት ዓይኑ ይበራል፤ ያን ቀን ግን ጢሙን እያሻሸ ቆየ።

«የጠየቀን ሰው አለ?» አለኝ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳይሆንብን።»

ለቤተ ክርስቲያን ጥሪ የሚጠብቅ ክርስቲያን የት አገር አለ ብዬ አፉን ዘጋሁት። በነገር እኔን የሚችለኝ የለም።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነውና። እናቴ ከሰባ ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከጎንደር በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ አዲ አርቃይ ያደርሳል። አንድ ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለውና መኪናው ገደሉ አፍ ላይ፣ አንድ ጎማው አየር ላይ ሆኖ ቆመ። ወንድሜ በመስኮት ወጣ፣ ጭረት እንኳን አልነካውም። ከዚያ ወዲህ እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እናቴ ደርሻለሁ ብሎ እስኪደውል እህል አትቀምስም። እኔ የእናት ፍርሃት ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ሌላ ነገር አለ። ያን ቀን ለደረሰላት ለመንደራችን ታቦት ተስላለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ለመቅደሱ ግድግዳ የሚሆን ድንጋይ ከወንዙ በገዛ ጀርባዬ አወጣለሁ ብላ። እስክትከፍል ድረስ የልጄ ነፍስ በአደራ ናት ብላ ነው የምታምነው። ጉልበቷ ትንሽ እስኪሻላት ጠበል እየተጠመቀች የታቦቱን ወርኃዊ በዓል ትጠብቅ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ስእለት ለንስሐ አባት እንጂ ለማንም አይነገርምና አልነገረችኝም።

ይህን ሳላውቅ ባሌ ቀበቶውን ሠራ። አንድ ረጅም ቀበቶ ለዚያ አቀበት ስለማይሆን፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ የሚያወጣ አራት ቁራጭ አደረገው። ለእያንዳንዱም ቀንጠፋ በየደለት። በቡሎን አልነበረም ያሰረው፤ መንደር ነው፣ አንዱ ነካክቶ ቢፈታው ድንጋይ ሰው ላይ ይወርዳል ብሎ ሙጭጭ አድርጎ በየደው። ጄኔሬተር ከወዳጁ ተዋሰ። በአይሱዙ ጭነን ስንደርስ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ሊቀ መንበሩ እጁን እያፍተለተለ እግዚአብሔር ይስጥልን አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቄሱ ጸሎት አደረጉ። እኔ ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያምረውን ጥልፍ ቀሚስ ለብሼ ነበር፣ ለድንጋይ ሥራ! አሁን ሳስበው አፈር ብበላ ይሻለኛል።

ሞተሩ ተነሣ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ቀበቶው ላይ ተጫነ፣ ብቻውን አቀበቱን ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሌ መቼም አፉ አያርፍም፣ ሰዉን ሰብስቦ ስለ ጥርሱና ስለ ምላሱ አስረዳ፣ ከዚያ ሁለተኛው ድንጋይ መሀል አቀበት ላይ ሳለ ሞተሩን ጥርቅም አድርጎ አጠፋው። ሰው ሁሉ እየጮኸ ተበተነ። ድንጋዩ ግን እዚያው፣ ቀጥ። አጎቴ ቀረብ ብሎ ቀንጠፋውን በጣቱ ነካ አደረገና «ጥበብ ነው፣ ጥበብ ነው እንጂ» አለ። አቤት ደስ ሲለኝ! ሠርጌ ገና ያን ቀን የተፈጸመ መሰለኝ። አያ የምንላቸው የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ግን ቀበቶውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው በትራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደከማቸው አልኩ። እናቴ ከሴቶቹ ኋላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ቆማ ነበር። እንዴት ነው እማዬ አልኳት። «ሸጋ ነው ልጄ» አለችኝ። ዓይኗን አላየሁትም፣ ለማየትም ጊዜ አልነበረኝም፤ ሰው እያቀፈ እንኳን ደስ አለሽ ይለኝ ነበር።

በሳምንት ውስጥ ወንዙ ዳር የተጠረበው ሁሉ ወጣ። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ላይ ወጡ፣ ግንቡን ሊጀምሩ።

የበዓሉ ቀን ከባሌ ጋር ሄድን፤ እሱ ቀበቶውን ነቅሎ ሊመልስ መሣሪያውን በአይሱዙ ጭኖ ነበር። ያለቀውን ሥራ ሰው ሲያደንቅ ልስማ ብዬ እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንደ ድሮው ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ሰዉ ወንዙ ዳር ቆሟል። ወገባቸውን በመቀነት አስረዋል፣ ጠፍራቸውን ይዘዋል። መሬቱ ላይ ግን የድንጋይ ፍንጥርጣሪ ብቻ ነው ያለው። አያ በትራቸውን ተደግፈው ባዶውን መሬት ያያሉ። አጎቴ፣ መሪጌታው፣ ጠፍሩን በትከሻው ጣል አድርጎ ቆሟል። አየኝ፣ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴም አለች። ጀርባዋ እንዳይላጥ አጣጥፋ ያሰረችው አሮጌ ጋቢ ኩርባ አስመስሏታል፣ ጠፍሯ እጇ ላይ ተንጠልጥሏል።

ምን ሆናችሁ አልኩ። ሊቀ መንበሩን ብጠይቀው ወደ ቄሱ አየ። በመጨረሻ ቄሱ ወደ ጎን ወስደውኝ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ይህ ሁሉ ሰው ስእለት አለበት አሉኝ። አንዱ ከበሽታ ለዳነበት፣ አንዷ ልጅ ላገኘችበት፣ ጥቂቱም እሳቸው ራሳቸው ለንስሐው ቅጣት የሰጡት ነው። በየበዓሉ፣ በየእሑዱ በአቅሙ ያወጣ ነበር። የመቅደሱ ድንጋይ በቁጥር የተጠረበ ነው፣ ሁሉም አሁን አፋፉ ላይ ነው፤ የቀረ ቢገኝ ብለው ነው የወረዱት። የማይፈለግ ሌላ ድንጋይ ማውጣት ደግሞ እንዲያው ድንጋይ መሸከም ነው እንጂ ስእለት አይባልም።

እና ታዲያ ማሽኑ ሲመጣ ምነው አንድ ሰው አልተናገረም! ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ጮህኩ። ሰው ደክሞ ያመጣላችሁን ነገር አያስፈልገንም ማለት ምን ያቅታል፣ እልል ማለቱን ማን አስተማራችሁ፣ ሽማግሌ የለበትም ወይ ይህ አገር፣ ያላልኩት የለም። ሊቀ መንበሩ ብቻ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ለቤተ ክርስቲያን በረከት ይዞ የመጣን እንግዳ በምን አፍ እንመልሰዋለን አለ። ይሉኝታ ነው፤ እኔም እዚያው መንደር ነው ያደግኩት፣ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም እልል ነበር የምለው።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ስእለቷን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ወንድሜ ያን ጠዋት መንገድ ላይ ነበር። ሊማሊሞን እየወረደ።

«ለኔ እንኳን ምነው አልነገርሽኝ?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አማቼን በአገሬ ሰው ፊት ላሳፍረው?» አለችኝ። ከዚያ ቀሚሴን ዝቅ ብላ እያየች «ደግሞስ፣ ያን ቀን ደስ ብሎሽ ነበር» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው ማሽን ቢሆን ኖሮ እናቴ ትናገር ነበር፤ አንድ ቀን ታገሡን ብላ ትለምን ነበር። የኔ ስለሆነ፣ የኔ ደስታ ስለሆነ፣ የልጇን ነፍስ ይዛ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ያደረግሁት ለአንድ ሳቅ ነው። ለአንድ የሠርግ ቀልድ። ይህን ለባሌ እንኳን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እሱ ለእግዚአብሔር ቤት ያዘንኩ ይመስለዋል።

አያ ናቸው የጀመሩት። በትራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አቀበቱን ወጡ። ከቆይታ በኋላ ከላይ ከተከመረው ድንጋይ አንዱን አዝለው፣ ቁልቁል፣ እግራቸውን እየፈተኑ ሲወርዱ አየን። ወንዙ ዳር አውርደው ሊያርፉ፣ ከዚያ መልሰው ይዘውት ሊወጡ ነው። ቄሱም አልከለከሉም። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ተከትለው ወጡ። መሀል ቁልቁለቱ ላይ የአያ እግር ከዳቸው፤ ድንጋዩ ወደ ጎን ተንከባለለ፣ እሳቸው በቂጣቸው ተቀመጡ። ባሌ ነው ሮጦ ያነሣቸው።

እስከዚያ ድረስ ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። ባሌ ከሆነ ጀምሮ አንድ ቃል ሳይናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አያን ደግፎ ካስቀመጠ በኋላ ወደ ጄኔሬተሩ ሄዶ አስነሣው። ከአይሱዙው ብረት መቁረጫውን አውርዶ የመጀመሪያው ቀበቶ አጠገብ ተንበረከከ፣ ቀንጠፋውን ይቆርጠው ጀመር። ቀበቶው ወደ ታች እንዲሄድ ከተፈለገ ሌላ መንገድ የለም፤ ራሱ ነው እንዳይፈታ አድርጎ የበየደው። የእሳት ፍንጣሪው እጁ ላይ ይዘንባል። አንዱን ቆርጦ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛውና አራተኛው፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እያየው። ሰው እንዲያየው ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ማንም ባያየው ምንኛ በወደደ። እኔ ሄጄ አጠገቡ ልቆም ይገባኝ ነበር። አልቆምኩም፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ መሀል ተደበቅሁ።

የሞተሩን ሽቦ አቀያይሮ ወደ ኋላ አዞረው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ በወጡበት ቀበቶ ወረዱ። ቄሱ ሰዉን እየጠየቁ፣ ለየስእለቱ የሚሆነውን ያህል ብቻ እንዲወርድ አደረጉ። ሰው ተራ በተራ ድንጋዩን እየተቀበለ አዘለ። አጎቴም አዘለ።

የእናቴ ተራ ሲደርስ ባሌ ሞተሩን አቁሞ ወደኔ መጣ። አማትና አማች እኛ ዘንድ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ወጥ ጨምር እንኳን የምትለው በኔ በኩል ነው። ትንሹን ድንጋይ መርጬ ላውርድላቸው በያቸው አለኝ። እናቴ ሰማችው። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየች ራሷ መለሰችለት።

«የተሳልኩት ትንሽ አይደለም፣ ልጄ» አለችው።

የማዕዘን ድንጋይ ነበር የወረደላት። ከኋላዋ ተከተልኩ። እንዳልነካት ነግራኛለች፤ ከነካኋት የኔም እጅ አለበት ማለት ነው፣ ስእለቱ ይበላሻል። ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። በሁለተኛው ጊዜ አትነሣም ብዬ ነበር፤ እጆቿን መሬት ላይ ተክላ፣ በአራት እግሯ እንደሚባለው ሆና ተነሣች። ላይ ስትደርስ ጠራቢው ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፣ አልሰጠችውም። መሠረቱ ላይ ራሷ አጎንብሳ አስቀመጠችው፣ ተሳለመችው። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተዘርፍጣ ስልኬን ጠየቀችኝ። ወንድሜ አላነሣም። ደገምን። በሦስተኛው አነሣ፤ አዲ አርቃይ ምሳ እየበላ ነው። እናቴ ምሳህን ብላ፣ ብላ ልጄ አለችውና ስልኩን መለሰችልኝ። ዳቦ አምጪልኝ አለች። እሱ መንገድ ላይ በሆነ ቀን እናቴ እንዲህ ቶሎ ምግብ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ዳቦውን እየቆረሰች አየችኝ። ላብ አላላበኝም፣ ቀሚሴ አልቆሸሸም። ሰዉ ሁሉ አቧራ ለብሶ፣ እኔ ብቻ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ቆሜያለሁ።

«አንቺስ? የምትሸከሚው የለሽም?» አለችኝ። ለወቀሳ አልነበረም፤ እንዲሁ ነው የጠየቀችኝ፣ ምሳ በልተሻል እንደማለት።

አቀበቱን ወረድኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አልቋል፣ የወረደው ድንጋይም አልቋል። ባሌ ብቻውን ጄኔሬተሩን አጥፍቶ እጁን ወንዙ ውስጥ ይታጠባል። ፍንጣሪው ያቃጠለው ቦታ በየእጁ ላይ ቀልቷል። ምን ፈለግሽ አለኝ።

«አንድ ድንጋይ» አልኩት።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ጄኔሬተሩን መልሶ የሚያስነሣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጁን በሱሪው አብሶ አቀበቱን ወጣ። ማሽን የሚያነሣውን ሰው በጀርባው ማንሣት የለበትም ሲል የኖረ ሰው፣ አንድ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጎብጦ፣ በቁልቁለቱ እየተንሸራተተ ወረደ። ጠፍሩን ከአንዷ ሴት ተውሼ ነበር። እያቃሰተ ጀርባዬ ላይ ጫነልኝና ጠፍሩን ደረቴ ላይ አጠበቀው።

«ከበደሽ?» አለኝ።

አልከበደኝም አልኩት።